መርፌው ሲያብጥባችሁ «አለርጂ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «የቁርጥማቱን መርፌ ተወጋሁ፣ ቦታው አብጦ ያሳክከኛል፣ ላቁመው?» ሁለቱ ሲደውሉ አቁመውት ነበር። አንዷ ለሐኪሟ ሳትናገር ሦስት ዙር ዘልላለች። የደወለችልኝ ጣቶቿ አብጠው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት ነው። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንን እልካለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለብኝና ራሴን በራሴ የምወጋ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።

መጀመሪያ ልባችሁ ይረፍ። የተወጉበት ቦታ መቆጣት የታወቀ ነገር ነው። ከነዚህ የቁርጥማት መርፌዎች አንዱ፣ ኤንብረል የሚባለው ኢታነርሴፕት፣ ሲጠና ከ100 ሰው 37ቱ ላይ ታይቷል። በአማካይ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ወር ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁሚራ በሚባለው አዳሊሙማብ ከ100 ሰው 20 ያህሉ ላይ ታይቷል። መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ውስጥ እንኳ 14ቱ ቦታው ተቆጥቶባቸዋል። በየቀኑ የሚወጋው አናኪንራ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ኢታነርሴፕት ላይ ሰው የሚያስደነግጥ ሌላ ነገር አለ። ዛሬ ቀኝ ጭናችሁን ተወግታችሁ፣ ያለፈው ሳምንት የግራው ቦታ አብሮ ሊነሳ ይችላል። እሱም የታወቀ ነው።

በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «ቦታው ይቀላል» ይላል። የኛ ቆዳ ላይ ግን ሁልጊዜ አይቀላም። ጠየም ወይም ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። አንዳንዴ ቀለሙ ምንም ሳይለወጥ ያብጣል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፈልጉት። በእጃችሁ ጀርባ ዳሱት። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል? ጠጠር ብሏል? አንድ ጊዜ ነርሷ በመብራት አይታኝ «ምንም የለም» አለችኝ። እጇን ይዤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው ገባት። ከዳነ በኋላ ጠቆር ያለ ምልክት ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት ይቀራል። ምልክቱ ስላልጠፋ አልዳነም ማለት አይደለም።

አሁን እኔ የገባሁበትን ጣጣ ልንገራችሁ። ይሄን ሳታነቡ አትለፉ።

አራተኛው መርፌዬ ላይ ግራ ጭኔ መዳፍ የሚያክል ቦታ አበጠ። ያሳክካል፣ ይሞቃል። ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። አስተርጓሚ አልጠየቅኩም፤ የአጎቴ ልጅ በስልክ ያስተረጉምልኛል ብዬ። «መድኃኒቱ አለርጂ ሆነብኝ በያት» አልኳት። እሷም ያልኩትን አለች። በአማርኛ አለርጂ የማንለው ነገር የለም። አቧራ ሲያስነጥሰን አለርጂ ነው፣ ሳሙና ሲያሳክከን አለርጂ ነው። ሐኪም ቤት ፋይል ላይ ግን ይሄ ቃል ትርጉሙ ከባድ ነው። ይሄ መድኃኒት ሰውየውን ሊገድለው ይችላል፣ አትስጡት እንደማለት ነው። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ጭኔንም አላየችም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ነካች፣ አለቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋርማሲው መድኃኒቱን ከለከለኝ። ሐኪሜ ጋ ስደውል «የአለርጂ ስፔሻሊስት ሳያይሽ ማጥፋት አንችልም» ተባልኩ። ሪፈር ተጻፈ፤ ሪፈሩ ጠፋ። እንደገና ተጻፈ። አምስት ወር ፈጀ። በአምስቱ ወር ጉልበቴ አብጦ ደረጃ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ነበር የምወርደው። ፕሬድኒሶሎን በሚባል ስቴሮይድ አቆዩኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፊቴን አሳበጠኝ። ስፔሻሊስቱ ጋ ስደርስ ጥያቄው ጥቂት ነበር። ከተወጋሽበት ቦታ ውጪ ወጣብሽ? አይ። ትንፋሽ አጠረሽ? አይ። ፊትሽ፣ ከንፈርሽ አበጠ? አይ። በስንት ቀን ጠፋ? በአራት። «ይሄ የመርፌ ቦታ መቆጣት ነው» አለኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለማስገባት አንድ ጣት የበቃውን ቃል ለማስወጣት አምስት ወር መፍጀቱ እስካሁን ያበግነኛል።

ስለዚህ ስም አታውጡለት፣ ያያችሁትን ተናገሩ። የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ከተወጋችሁ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረ፣ በስንት ቀን እንደጠፋ፣ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ወጥቶ እንደሆነ። «የተወጋሁበት ቦታ ተቆጣ» ይበቃል። ያበጠው ቦታ አጠገብ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ቀጠሮው እስኪደርስ እብጠቱ ይጠፋል፣ ፎቶው ግን ይቀራል። አስተርጓሚ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ ስትደርሱ አይደለም። ልጆቻችሁ እንዲያስተረጉሙላችሁ አታድርጉ። ለልጁ ሸክም ነው፣ ለናንተም አደጋ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት «ፋይሌ ላይ አለርጂ በሚለው ሥር ምን ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንብበው ይንገሯችሁ።

እውነተኛው አለርጂ ሲመጣ ደግሞ ቃሉን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሰውነት ሙሉ ሽፍታ ከወጣ፣ ፊት፣ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስን ካዞረ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። 911 ይሁን 112 ይሁን 999፣ ያላችሁበት አገር የድንገተኛ ቁጥር ላይ ወዲያው ደውሉ።

ሌላው የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ያደርጋሉ። ያበጠውን ቦታ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ አክብቡና ሰዓቱን ጻፉ። በማግስቱ ከመስመሩ አልፎ ከሰፋ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቀጣዩንም መርፌ ሳትጠይቁ አትውጉ።

አወጋጉ ላይ ብዙዎቻችን እንቸኩላለን። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛውን እንደወጣ መውጋት ግን ያቃጥላል። ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። አንድ የማውቀው ሰው ቸኩሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረው። መድኃኒቱ ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ያን ፔን (መድኃኒቱ ተሞልቶ የሚመጣውን መርፌ) ጥሎ ሌላ እስኪሰጡት ሳምንት ጠበቀ። ማይክሮዌቭም፣ ፀሐይም ያው ነው። በረዶ የሠራውንም ቀልጧል ብላችሁ አትውጉት።

ቆዳውን በአልኮል ከጠረጋችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥቡ ላይ ስትወጉ የሚቆጠቁጠው አልኮሉ ነው። ሆድ ከሆነ ከእምብርት 5 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ፤ ካለፈው ቦታም ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር። የበለዘ፣ ያበጠ፣ ጠባሳ ያለበት ቦታ አይወጋም። እኔ ቀኝ ጭን፣ ግራ ጭን፣ ቀኝ ሆድ፣ ግራ ሆድ እያልኩ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ከወጋችሁ በኋላ አትሹት። ያገለገለው መርፌ የተሰጣችሁ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ከቆሻሻ ጋር የሚጥሉትን ሳይ እናደዳለሁ፣ ቆሻሻ የሚያነሳውም ሰው ነው።

ካበጠ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ደቂቃ ያዙበት። በረዶውን ቆዳው ላይ በቀጥታ አታድርጉ። ለማሳከኩ ሴቲሪዚን የመሰለ ክኒን ወይም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ይረዳል፤ ከሌላ መድኃኒታችሁ ጋር ይስማማ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ለዚህ ቀጠሮ አያስፈልግም። በጥፍር አትቧጥጡት።

ሳጥኑ ሲቀየርም ልብ በሉ። አዳሊሙማብ አሁን የብዙ ፋብሪካ አለው፤ ኢንሹራንሱ ወይም ሆስፒታሉ ሳያማክራችሁ ሊቀይረው ይችላል። መድኃኒቱ ያው ሆኖ አብሮት ያለው ፈሳሽ ይለያያል። ሲትሬት የሚባል ጨው ያለበት ሲገባ የሚያቃጥላቸው ሰዎች አሉ። ማቃጠሉ አዲሱ ሳጥን ከመጣ ወዲህ ከጀመረ ይሄንኑ ተናገሩና ሲትሬት የሌለው እንዳለ ጠይቁ። የአንዳንዶቹ የመርፌ ክዳን ላቴክስ የሚባል ጎማ አለበት። ጓንት ወይም ፊኛ የሚያሳክከው ሰው ይሄንንም ይንገራቸው።

ገና ልትጀምሩ ላላችሁ አንድ ነገር። መጀመሪያ በቆዳ ወይም በደም የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ቲቢ ታምማችሁ ከነበረ ወይም ከታመመ ሰው ጋር ኖራችሁ ከነበረ አትደብቁ። ተደብቆ የተኛውን ቲቢ እነዚህ መድኃኒቶች ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ቢሲጂ የሚባለው የቲቢ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል መከተባችሁን ንገሯቸው። የደሙን ምርመራ ግን ቢሲጂ አያሳስተውም።

እኔ ጋ ለመደወል ከሆነ የሳጥኑን ፎቶና ያበጠውን ቦታ ፎቶ ቀድማችሁ ላኩልኝ፤ የተወጋችሁበትን ቀንም ጻፉ። ለነርሷም የምታሳዩት እነዚህኑ ነው።