ከ40 በኋላ ወደ ስፖርት ስትመለሱ ለጅማታችሁ ጊዜ ስጡት

ለዓመታት ያቆማችሁትን ስፖርት እንደገና ልትጀምሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በትንፋሻችሁ ብቻ አትመኑ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጡንቻም ቶሎ ይበረታል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት "አሁንማ በረታሁ" ብሎ ሩጫ የጀመረ ሰው ተረከዙን ወይም ጉልበቱን ይዞ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። እኔም ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ የተራመድኩበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ በፈጣን እርምጃ ጀምሩ። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል፤ ለመነሻ ግን በቀን 10 ደቂቃም ጥሩ ነው።

ጡንቻንም አደራ አትርሱት፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በሳምንት 2 ቀን፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ከወንበር ተነሱ፤ ከዚያ እስከ 3 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ዘፍ አትበሉ! ጭኑ በደንብ የሚሠራው ቀስ ብላችሁ ስትወርዱ ነው። 8 ጊዜ፣ አረፍ ብላችሁ እንደገና 8።

በማግስቱ ሰውነታችሁ ቢተሳሰር አትደንግጡ፤ በጥቂት ቀናት ይለቃችኋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከሆነ ግን አቁሙ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ፣ ሳትጀምሩ ሐኪም አማክሩ።