የሱፐር ቦውል ሻምፒዮን በቀጣዩ ዓመት ምን ይገጥመዋል? ቀድሞ ለመገመት

ከ2000 ወዲህ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) ሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (NFL) የፍጻሜ ጨዋታን፣ በተከታታይ ሁለት የውድድር ዘመን ያሸነፉት ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በ2003 እና 2004፣ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ደግሞ በ2022 እና 2023 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ግምታችሁን ከ"አይደግምም" ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት ኳርተርባኩን (ጥቃቱን የሚመራውንና ኳስ የሚወረውረውን ተጫዋች) የሚከላከሉትን አምስት የመስመር ተጫዋቾች አንድ በአንድ ፈትሹ። ማን ጡረታ ወጣ? ማን በመጋቢት የዝውውር ገበያ ሄደ? የሎስ አንጀለስ ራምስ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የ2021ን ዋንጫ እንዳነሱ የግራ መስመር ጠባቂያቸው አንድሪው ዊትዎርዝ ጫማውን ሰቀለ፤ ተከላካዩ ቮን ሚለር ወደ ቡፋሎ አቀና። ኳርተርባካቸውን ማቲው ስታፎርድን ለማምጣት የ2022 እና የ2023 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫቸውን ስለሰጡ ክፍተቱን የሚሞላ ወጣት አልነበራቸውም። የመስመር ተጫዋቾቹ በጉዳት ተራ በተራ ወደቁ፣ ስታፎርድና ኳስ ተቀባዩ ኩፐር ካፕም ተከተሉ። ውጤቱ 5 ድል፣ 12 ሽንፈት።

ቀጥሎ ያለፈውን ዓመት ድሎች መዝኑ። በ8 ነጥብ ወይም ባነሰ ልዩነት የተገኙት ከበዙ ተጠንቀቁ፤ 8 ነጥብ በአንድ ጥቃት የሚገኝ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ በየዓመቱ አይመለስም። ከተጋጣሚ የተነጠቁ ኳሶችም እንዲሁ።

የአጥቂው ወይም የተከላካዩ ክፍል አሰልጣኝ ሌላ ቡድን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ወስዶት እንደሆነም እዩ።

የሻምፒዮኑ ቀጣይ መርሐ ግብር ይከብዳል የሚባለው ግን የተጋነነ ነው፦ ከ17ቱ የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች ባለፈው ዓመት ደረጃ የሚወሰኑት 3 ብቻ ናቸው።