ማኔጅድ ሆስቲንግ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማኔጅድ ሆስቲንግ ስትገዙ የምትገዙት የሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጻችሁ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ቦታ ብቻ አይደለም። ሰርቨሩን የሚጠብቅላችሁን ሰው ሥራም ጭምር ነው። የራሱ የአይቲ ባለሙያ ለሌለው ድርጅት ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንመርጠው በዋጋው መሆኑ ነው። ውሉ የሚነበበው ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ነው።

ሁሉም ነገር የእነሱ ኃላፊነት ነው ብሎ ማሰብ

በብዛት የሚያጣላው ይሄ ነው። አንዱ አቅራቢ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ ያድሳል። ሌላው ዳታቤዙንም (የድረ ገጹ መረጃ የሚከማችበትን) ይከታተላል። ድረ ገጹ የተሠራበትን ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ዎርድፕሬስን፣ እና ፕላጊኖቹን (የሚጨመሩበትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ማደስ ግን በብዙ ውሎች የደንበኛው ሥራ ነው። ድረ ገጻችሁ ሳይታደስ በቆየ ፕላጊን በኩል ቢጠለፍ «እኛን አይመለከተንም» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ በውሉ መሠረት እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ፒኤችፒውን (ድረ ገጹ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ) ማን ያድሳል? ፕላጊኖቹንስ? ድረ ገጹ ቢጠለፍ የሚያጸዳው ማን ነው? ተጨማሪ ክፍያስ አለው?

99.9 በመቶን እንደ 100 መቁጠር

አቅራቢዎች ሰርቨሩ ከጊዜው ይህን ያህል በመቶ ሳይቋረጥ ይሠራል ብለው ቃል ይገባሉ። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ቢቋረጥም ቃላቸውን ጠብቀዋል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ3 ቀን ተኩል በላይ ይሆናል። አስቀድሞ የተነገረ ጥገና ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ካሳውም አብዛኛውን ጊዜ ከወርሃዊ ክፍያችሁ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ያመለጣችሁን ሽያጭ አይመልስም።

«ባክአፕ አለ» ሲባል በዚያው ማለፍ

ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) የት ነው ያለው? እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ያለ የሆስቲንግ ኩባንያው የኦቪኤች የዳታ ማዕከል በእሳት ወደመ። ባክአፓቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጡ። ባክአፑ ሌላ ከተማ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በራሳችሁ እጅ፣ ከአቅራቢው አካውንት ውጭ ይኑር።

በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድም ጠይቁ። በቀን አንዴ ሌሊት ላይ ከሆነና ሰርቨሩ ማታ ላይ ከተበላሸ፣ የዚያን ቀን ትዕዛዝ በሙሉ ልታጡ ትችላላችሁ። ለመረጃ ገጽ ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። ለኦንላይን ሱቅ ግን ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሳችሁ ሞክሩት። ባክአፑን በሙከራ ሰርቨር ላይ አስጭኑና ግቡበት። ትዕዛዞቹ አሉ? ፎቶዎቹ ይከፈታሉ? ስንት ሰዓት ፈጀ? ተሞክሮ ያልታየ ባክአፕን አትመኑ፤ ዳታቤዙ የጎደለው መሆኑ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሲፈለግ ነው።

ድጋፉን ሳይሞክሩ መክፈል

«24 ሰዓት እንሠራለን» የማይል የለም። ገና ደንበኛ ሳትሆኑ ሌሊት ላይ አንድ ቴክኒካዊ ጥያቄ ላኩ። «ቲኬትዎ ደርሶናል» የሚለው አውቶማቲክ መልስ አይቆጠርም። ጥያቄውን የተረዳ ሰው በስንት ሰዓት መለሰ? እሱን ነው የምታዩት።

የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ማየት

ቅናሹ ሲያልቅ እጥፍ የሚሆን አለ። የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ፣ በዚያ አወዳድሩ።

መውጫውን አለማሰብ

ዶሜይኑ (የድረ ገጻችሁ አድራሻ) በማን ስም ነው የተመዘገበው? በአቅራቢው ወይም ድረ ገጹን በሠራላችሁ ሰው ስም ከሆነ፣ በተጣላችሁ ቀን አድራሻችሁ እነሱ እጅ ላይ ነው። በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይል አስመዝግቡት። ያ ኢሜይል ግን በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ዶሜይኑ ችግር ሲገጥመው ኢሜይሉም አብሮ ይጠፋል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም አይደርሳችሁም።

ስትለቁ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን በምን መልክ እንደሚሰጧችሁ፣ አካውንቱ ከተዘጋ በኋላም ለስንት ቀን እንደሚያቆዩላችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ።