የቆላ ዛፎችን ለመኖ ስናውል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና ቆላዎች ሣሩ ሲደርቅ ፍየሉንና ግመሉን አቆይቶ ለዝናብ ወቅት የሚያደርሰው የግራር፣ የበደኖና የቁርቁራ ቅጠልና ፍሬ ነው። የእነዚህን ዛፎች ዋጋ አቅልሎ ማየት ትልቅ ጥፋት ቢሆንም፣ ያለ ማስተዋል ማወደሱም ከብት ይጎዳል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ቅጠሉን በድፍድፍ ፕሮቲኑ መጠን ብቻ መመዘን ነው። ቤተ ሙከራ የሚለካው ናይትሮጅንን ሲሆን፣ ውጤቱን በ6.25 አባዝቶ ፕሮቲን ይለዋል፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ከአሰር ወይም ከታኒን (አፍ ከሚያኮማትረው የቅጠል ንጥረ ነገር) ጋር ተጣብቆ ሳይፈጭ በፋንድያ እንደሚወጣ ግን አይነግረንም። ስለዚህ 18 በመቶ የተመዘገበለት ቅጠል 12 በመቶ ካለው ያነሰ ሊጠቅም ይችላል። ለጋውና ያረጀው ቅጠልም አንድ አይደለም።

ታኒንን እንደ መርዝ ብቻ፣ ወይም እንደ መድኃኒት ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። ከደረቁ መኖ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ፕሮቲኑን በትልቁ ጨጓራ ካሉ ተሕዋስያን ጠብቆ ወደ ትንሹ አንጀት ያሳልፈዋል፤ የጨጓራ ትሎችንም ያዳክማል። ከ5 በመቶ ሲያልፍ ግን እንስሳው መኖውን ይጠላል፣ የበላውም በደንብ አይፈጭለትም። የታኒኑ ዓይነት ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ ወሰን አይደሉም፤ ፍየልና ግመል የሚችሉትን ደግሞ በግ እና ላም ላይችሉት ይችላሉ።

ቅጠልን በጠራራ ፀሐይ ማድረቅ የቫይታሚን ኤ ምንጭ የሆነውን ካሮቲን ስለሚያጠፋ፣ ጥላ ሥር በስሱ አስጥቶ ማድረቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፕሮሶፒስ ነገር ነው። አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት ይህ መጤ ዛፍ አዋሽ ሸለቆን ወርሮታል። ፍሬው በስኳር የበለጸገ በመሆኑ ከብቱ ይሻማበታል፤ ፕሮቲኑ በብዛት የሚገኝበት ዘር ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ላም እንዳለ ትውጠውና በእበቷ ትዘራዋለች። ሳይፈጩ ማብላት እንግዲህ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ከብቱ ምግቡን ያጣል፣ ግጦሹም በአዲስ ችግኝ ይወረራል። ስለዚህ ፍሬውን ዘሩ እስኪሰበር ድረስ በደንብ አድርቆ መፍጨት፣ ከዚያም ከሣርና ከገለባ ጋር ቀላቅሎ ከጠቅላላው መኖ ከሩብ እንዳይበልጥ አድርጎ መስጠት ይገባል። ለወራት ፍሬውን ብቻ የበላ ከብት፣ በውስጡ ያሉት አልካሎይድ የተባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች መንጋጋን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን ስለሚጎዱበት ማኘክና ማመስኳት ያቅተዋል፤ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ አንገቱን እያጣመመ ይከሳል። ይህ ምልክት ሲጀምር ፍሬውን ወዲያውኑ ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ የነርቩ ጉዳት ከገፋ በኋላ መኖ መለወጥ ብቻውን ከብቱን አያድነውምና።