ከምረቃ በኋላ የሚቆም ዲጂታል አገልግሎት፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ድርጅቱ የሞባይል መተግበሪያውን አስመርቋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም አዲስ አገልግሎት አልታከለበትም፤ አንዲት ቅጽ ለማስተካከል እንኳ አዲስ ውል ያስፈልጋል።

መንስኤ፦ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ይህ ነው። ቴክኖሎጂው ተገዝቷል፤ ችሎታው ግን በግዢ አይገኝም። የአስተዳደር ተመራማሪዎቹ ኮኸንና ሌቪንታል በ1990 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ አንድ ድርጅት ከውጭ የሚመጣን እውቀት ጠቃሚነቱን ለይቶ፣ አዋህዶ ሥራ ላይ የማዋል አቅሙ በአመዛኙ የሚወሰነው ቀደም ሲል በውስጡ ባከማቸው ተዛማጅ እውቀት ነው። ሥራው በሙሉ ለተቋራጭ ሲሰጥ ይህ ክምችት ተቋራጩ ዘንድ ይቀራል። አንድ ድርጅት የክፍያ ገጹ በቆመበት ዕለት የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሠራተኛ አጥቶ ነበር፤ የዶሜይን ስሙም (የድረ ገጽ አድራሻው) ሥራ በለቀቀ ባለሙያ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ተገኘ። ሌላው ድርጅት ምንጭ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ፈርሞ ተረክቧል፤ የተረከበው ግን ሥራ ላይ ካለው ጋር የማይገጥም አሮጌ ቅጂ ነበር። እንዲህ ያለ ርክክብ በቸልተኝነት ብቻ የሚፈጸም ነው፤ ተቋራጩም ፈራሚውም ተጠያቂ ናቸው።

መፍትሄ፦ በመጀመሪያ ዶሜይኑ፣ ሰርቨሩና የኮድ ማከማቻው በድርጅቱ ስም ይዙሩ። ቀጥሎ የአገልግሎቱ ኃላፊና የድርጅቱ ፕሮግራመሮች ከተቋራጩ ባለሙያዎች ጋር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በአንድ ቡድን ይሥሩ፤ የመጨረሻው ክፍያም የራስ ሠራተኞች ያለማንም እርዳታ አንድ ለውጥ ሠርተው፣ ፈትነው ለተጠቃሚ እስኪያደርሱ ድረስ አይለቀቅ።

ጥንቃቄ፦ በፕሮጀክቱ ማብቂያ የሚሰጥ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይህን አይተካም።

ጥንቃቄ፦ መደበኛ ሥራቸው ሳይቀነስላቸው በተደራቢነት የተመደቡ ሠራተኞች ቡድን አይሆኑም።

ምልክት፦ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ከተዛወሩ በኋላ ወጪው ጨምሯል፣ የሥራው ፍጥነት ግን ያው ነው። መንስኤው አሮጌውን ሥርዓት እንዳለ ማሸጋገር ነው። የፊልም አቅራቢው ኔትፍሊክስ በ2008 እ.ኤ.አ. የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ብልሽት ለ3 ቀናት የዲቪዲ መላኪያውን ካስቆመበት በኋላ ወደ ክላውድ መዛወር ጀምሮ፣ ዝውውሩን ያጠናቀቀው በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያን ያህል የቆየውም ሥርዓቱን ለየብቻ በሚሠሩ አነስተኛ አገልግሎቶች ከፋፍሎ እንደ አዲስ ስለገነባውና አሠራሩንም አብሮ ስለለወጠ ነው።

ምልክት፦ ሙከራው ተሳክቷል፣ ወደ መደበኛ ሥራ ግን አልገባም። ከሙከራው በኋላ የሚረከበው ክፍልና በጀቱ ሙከራው ሳይጀመር ይወሰኑ።

ምልክት፦ ሐሳብ ይበዛል፣ የሚዘጋ ሙከራ የለም። እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የትኛውን ቁጥር እንደሚያሻሽልና ካላሻሻለ መቼ እንደሚቋረጥ ይጻፍ፤ የማቋረጥ ሥልጣን ያለው ኃላፊም በስም ይጠቀስ።