የጠባብ ጓዳ ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ወጥ ቤት በአብዛኛው ለአንድ ወር አስቤዛ የሚበቃ እንጂ የዓመት በርበሬ፣ የዓመት ሽሮና የጤፍ ኩንታል እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ አይደለም። የብዙዎቻችን የቤት አያያዝ ግን ዛሬም የዓመት ነው፤ በርበሬው በወቅቱ ተገዝቶ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይፈጫል፤ ሽሮውም በብዛት ይዘጋጃል፤ ከዚያም ቀድሞ ሰፊ ጓዳ ይይዘው የነበረው ሁሉ በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ይታጨቃል። በጠባብ ጓዳ ውስጥ ከሚታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከዚህ አለመመጣጠን የሚመነጩ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አዲስ መደርደሪያ ወይም የሚያማምሩ ጠርሙሶች ከመግዛት በፊት የታየውን ምልክት መርምሮ መንስኤውን መለየት ይገባል።

ምልክት፦ ባቄላው፣ ሽምብራው ወይም ምስሩ ላይ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ ከዕቃው ሥር ዱቄት ይጠራቀማል

ይህ የነቀዝ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ አንድ እፍኝ ጥሬ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግቶ በብርሃን ማየት ይበቃል፤ ቀዳዳው ጠርዙ የጠራና ክብ ሲሆን፣ አንዳንዱ ፍሬ ላይ ደግሞ ገና ያልተከፈተ፣ ክዳን የመሰለ ስስ ክብ ምልክት ይኖራል፤ ከሥሩ ለመውጣት የተዘጋጀ ነቀዝ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ነቀዙ ከራሱ ወጥ ቤት የተነሣ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንቁላሉ በማሳ ወይም በመጋዘን ሳለ ፍሬው ላይ ተጥሎ፣ ትሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከእህሉ ጋር አብሮ ከገበያ የመጣ ነው። ዛላ በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት መሀሉ ላይ ጣል ማድረግ የማይጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ትሉ በፍሬው ውስጥ ተከልሎ ስለሚኖር ሽታው አያገኘውም። በፀሐይ ማስጣትም የወጡትን ነቀዞች ያባርራል፣ እርጥበትንም ይቀንሳል፤ በውስጥ ያለው ትል ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

መፍትሄው እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል። ግማሹ የተበሳውን እህል በዚያው ቀን ከቤት ማውጣት ይሻላል፤ ጥቂት ቀዳዳ የታየበትን ደግሞ በሰፌድ አንፍሰውና ለቅመው በወፍራም ፌስታል ካሰሩ በኋላ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለ4 ቀናት፣ ብዛት ካለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ፌስታሉን ወዲያው አይፍቱ፤ የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ካልጠበቁት ከአየሩ የሚመጣው ጤዛ እህሉን ያረጥበዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ቢገዛ ይጠቀማል፤ ነቀዝ በሞቃት ቦታ እንኳ አንድ ትውልድ ለማድረስ አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅበት ለመራባት ጊዜ አያገኝም። የጤፍ ጥሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ፍሬ ውስጥ የሚያድገው ነቀዝ አያጠቃውም፤ የጤፍ ዱቄት ግን በዱቄት ውስጥ ለሚራቡ ሌሎች ተባዮች የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ ጥሬውን አስቀምጦ በትንሽ በትንሹ ማስፈጨት ይመረጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ለእህል መጋዘን የሚሸጠው የነቀዝ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያመነጫል፤ ለዚህም መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ ይልቁንም በር ለበር በተያያዙ የጋራ ሕንፃዎች ውስጥ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ መጠቀም አይገባም።

ምልክት፦ ሽሮው ወይም በርበሬው ይጓጉላል፤ ሲከፈት የታመቀ ሽታ ይወጣዋል

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከወፍጮ ቤት የመጣ ዕለት ምን እንደተደረገ ነው። ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ ይሞቃል፤ እንደሞቀ በፕላስቲክ ባልዲ ተሞልቶ ከተከደነ እንፋሎቱ ወደ ክዳኑ ወጥቶ ጠብታ ይሆንና ተመልሶ ከላይኛው ዱቄት ላይ ይወድቃል። ጉጉሉ ከላይ ብቻ ከሆነ መንስኤው ይህ ነው፤ በየቦታው ትንንሽ ጉጉል ካለ ግን ጥፋቱ ከዕለት አጠቃቀም የመጣ ነው። የበርበሬውን ዕቃ ከፍቶ በሚፈላ ድስት ላይ ማዘንበል፣ ወይም ወጡ ውስጥ የገባውን ማንኪያ መልሶ ወደ ሽሮው መክተት በየቀኑ ጥቂት ውሃ ይጨምርበታል።

ስለዚህ ዱቄቱን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው፣ እጅዎን ሲከቱበት ሙቀቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ያናፍሱት፤ ከዚያም በደረቀ ዕቃ እስከ አፉ ይሙሉትና ይክደኑት። ከዋናው ዕቃ በሳምንት አንድ ጊዜ በደረቅ ጭልፋ ወደ ትንሽ ጣሳ እየቀነሱ፣ ለምግብ ማብሰያ ያንን ብቻ ይጠቀሙ። የዓመቱን በርበሬ በአንድ ጊዜ ከማስፈጨት ይልቅ ዛላውን በደረቅ ቦታ አቆይቶ በየሦስት ወሩ ማስፈጨት ቀለሙንም መዓዛውንም ይጠብቃል፤ መጠኑ ለወፍጮ ካነሰ ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር ተዳብሎ ማስፈጨት ይቻላል።

ሻጋታ የታየበትን በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ለውዝ ግን ከላዩ ገፎ መጠቀም አይቻልም። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚፈጥሩት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይጠፋም፤ በዓይን ከሚታየው ሻጋታ አልፎም ይገኛል። የተደከመበትን በርበሬ መጣል የሚያሳዝን ቢሆንም ሌላ አማራጭ የለውም።

ምልክት፦ ዘይቱ፣ ቅቤው ወይም የተፈጨው ተልባ ጠረኑ ይለወጣል

ቅባት ያለው ነገር ሁሉ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ያበላሹታል። በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ለሰዓታት የሚወጣው ሙቀትና እንፋሎት በቀጥታ ከላይ ወደተሰቀለው ቁም ሳጥን ይገባል። ከምጣዱና ከምድጃው በላይ ባለው ክፍል ሳህንና ብርጭቆ እንጂ ምግብ አያስቀምጡ። የኑግ ዘይትና የተፈጨ ተልባ ከሌሎቹ ፈጥነው ስለሚበላሹ በጥቂቱ ተገዝተው ወይም ተፈጭተው በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ። ቅቤ ሲነጠር ከሥሩ የሚቀረው ውሃና አተላ ከገባበት ቶሎ ይሸታል፤ ስለዚህ ጥርት አድርጎ ማጥለል ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ በዚያ ወቅት ቅቤውን ወደ ማቀዝቀዣ አዛውሮ፣ የእሱን ቦታ ፍጆታቸው ለሚጨምረው ለሽሮ፣ ለምስርና ለዘይት መልቀቅ ተገቢ ነው።

ጥሬ ቡናም በዙሪያው ያለውን ሽታ በቀላሉ ይስባል። ከበረኪና፣ ከሳሙና ወይም ከነጭ ጋዝ አጠገብ የከረመ ቡና ቢቆላም ሽታው አይለቀውም፤ እነዚህ የጽዳት ዕቃዎች ከምግቡ ጋር አንድ ቁም ሳጥን ሊጋሩ አይገባም።

ምልክት፦ በቤት ያለው ነገር እንደሌለ ታስቦ ድጋሚ ይገዛል

መንስኤው ጥልቅ መደርደሪያ ነው፤ ከፊት የተደረደረው የኋላውን ይሸፍነዋል። ዕቃዎቹን በዝርግ ትሪ ላይ አድርጎ መደርደር ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ይረዳል፤ ትሪውን ወደ ራስ ስቦ የኋላውን ማየት ይቻላልና። አዲስ የተገዛው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ቀድሞ የነበረው ከፊት ይሁን። በዕቃው ላይ የተፈጨበትን ወይም የተገዛበትን ወርና ዓመት ይጻፉ፤ ከውጭ አገር የገባው ዕቃ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚሆን በእጅዎ ሲጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይተዉ። በወገብና በዓይን ቁመት መካከል ያለው ቦታ በየቀኑ ለሚነካው ብቻ ይተው፤ ባለ 5 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ከታች ይቀመጥ፤ ለበዓል ብቻ የሚወርደው ዕቃ ከላይ ይውጣ። የቺፑድ መደርደሪያው መሀሉ ከጎበጠ ክብደቱን ወደ ዳርና ዳር ማዛወር፣ ካልበቃም ከሥሩ ድጋፍ ማስመታት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ሽንኩርቱ ይረጥባል፤ ድንቹ ያቆጠቁጣል ወይም አረንጓዴ ይሆናል

ሁለቱ በአንድ ቅርጫት መቀመጣቸው ነው ችግሩ። ሽንኩርት ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል፤ ድንች ደግሞ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ሲፈልግ፣ የሚያወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበሰብሰዋል። በፌስታል እንደታሰሩ አይተዋቸው። አረንጓዴ የሆነው የድንች ክፍል ሶላኒን የተባለ መርዝ እንደበዛበት ስለሚያመለክት በጥልቀት ተቆርጦ ይጣል፤ ድንቹ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከመረረ አይበላም።

ምልክት፦ የጤፉ ማዳበሪያ ከሥሩ ይረጥባል፤ ወይም ተቦጭቆ ይገኛል

የሲሚንቶ ወለልና የውጭ ግድግዳ በተለይ በክረምት ቅዝቃዜና እርጥበት ያስተላልፋሉ፤ ማዳበሪያውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ በሚያደርግ የእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጠው ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ያርቁት። ተቦጭቆ ከተገኘና አጠገቡ ጥቁር ፍግ ካለ አይጥ ገብቷል ማለት ነው። የአይጥ ግልገል እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ማለፍ ስለሚችል ከገንዳው ሥር የውሃ ቱቦ የሚገባበትን ክፍተት ይፈትሹ፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ይድፈኑት፤ ጤፉንም አይጥ ወደማይበሳው ክዳን ያለው የቆርቆሮ በርሜል ያዛውሩት።