ልጆቻችን ኤፒ ካልኩለስ ሲወስዱ ስለ ግሬድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ሂሳብ አስጠናለሁ። ኦክቶበር ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። «ልጄ ካልኩለስ ላይ ሲ አመጣ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ እናቶችና አባቶች ናቸው የሚደውሉት። ኤፒ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ከዚያ በፊት ከኤ ወርደው አያውቁም። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ እኔም ወላጅ ነኝ። ግን በጭንቀት የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች ልጁን ይበልጥ ይጎዱታል።

ፖርታሉን በየሰዓቱ መክፈት

እኛ ስንማር ካርድ የሚመጣው በሰሚስተር አንዴ ነበር። አባት ደረጃዋን ያያል፣ ይፈርማል፣ አለቀ። አሁን ውጤቱ ፖርታል በሚባለው የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ በኩል ስልካችን ውስጥ ነው። መምህሩ አንድ ኩዊዝ ባረመ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። በተለይ ኳርተሩ (የትምህርት ዓመቱ ሩብ) ሲጀመር ይህ ቁጥር ገና ብዙ አይናገርም። ልጁ የመጀመሪያው ኩዊዝ ላይ ከ10 6 ቢያገኝ ፖርታሉ 60 ብሎ ዲ ይጽፋል። ቀጥሎ 90፣ 85 እና 95 ቢያመጣና ክብደታቸው እኩል ቢሆን አማካዩ 82.5 ነው፤ ቢ ማለት ነው። በመሀል ግን ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት ተኮራርፈናል።

በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። እሑድ ከምሳ በኋላ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ክፈቱት። በዚያው መምህሩ መስከረም ላይ የሰጠውን ሲለበስ፣ ማለትም የትምህርቱን ዕቅድ የያዘውን ወረቀት እዩ። ፈተና ስንት ፐርሰንት፣ የቤት ሥራ ስንት ፐርሰንት እንደሚይዝ እዚያ ተጽፏል። ፈተናው አብዛኛውን የሚይዝ ከሆነ፣ የቤት ሥራውን አንድም ሳያስቀር የሠራ ልጅ ሲ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ሰነፍክ» ከማለታችሁ በፊት እሱን አጣሩ።

ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን አለማየት

ከሁሉም በላይ የማዝነው በዚህ ነው። ወላጅ ደውሎ «71 አመጣች» ይለኛል። «ምን ምን ላይ ነው የተሳሳተችው?» ስለው ዝም ይላል። ልጅቷም አታውቅም። ፈተናው ሲመለስ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይታ ቦርሳዋ ውስጥ ወትፋዋለች።

እኔ መጀመሪያ የማደርገው ያንን የተጨማደደ ወረቀት ማስወጣት ነው። ነጥብ የተቀነሰበትን እያንዳንዱን ቦታ አብረን እናያለን። ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ካልኩለሱን ችሎታል፣ የጣለው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል አልጀብራ ነው።

ለምሳሌ የሁለት ነገሮችን ድምር ስኩዌር አድርግ ሲባል፣ እያንዳንዱን ለብቻው ስኩዌር አድርጎ ይደምራል። በቁጥር ሲሆን ስህተቱ ፊት ለፊት ይታያል። 3 ሲደመር 4፣ 7 ነው። የ7 ስኩዌር 49 ነው። ለየብቻ ከተሠራ ግን 9 ሲደመር 16፣ 25 ይሆናል። ስኩዌር ሩት ላይም ያው ነው። 9 ሲደመር 16፣ 25 ነው፤ የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው፣ 3ና 4 ተደምረው 7 አይደለም። ቁጥሩ ቀርቶ በኤክስና በዋይ ሲተካ ግን ልጁ ሳያስተውል ያልፈዋል። ከዚያ የተጣለ የኔጌቲቭ ምልክት አለ፣ በወጉ ያልተደመረ ክፍልፋይ አለ።

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ «እኔ ለሂሳብ አልተፈጠርኩም» ብላ መጣች። ሦስት ፈተናዎቿን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንና ያጣችውን ነጥብ አንድ በአንድ ቆጠርን። ከግማሽ በላዩ የሄደው በአልጀብራና በምልክት ነበር። እንባዋ መጣ። ለሁለት ወር በቀን 20 ደቂቃ አልጀብራ ብቻ ሠራች። ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት ስሌት፣ የካልኩለሱ ዋና ክፍል) ደግሜ አላስተማርኳትም፣ አላስፈለጋትም ነበር። በሚቀጥለው ኳርተር ቢ አመጣች።

ከካልኩለሱ ከራሱ የሚመጣ ስህተትም አለ፤ እሱ ግን አይነቱ ጥቂት ነው። ዋናው ቼይን ሩል ነው፤ አንዱ ፈንክሽን ሌላው ውስጥ ሲገባ የውስጡም ዴሪቬቲቭ የሚባዛበት ሕግ ማለት ነው። የሳይን 3ኤክስን ዴሪቬቲቭ ሲያወጡ ኮሳይኑን ይጽፉና ፊቱ ላይ መምጣት ያለበትን 3 ይረሱታል። ኢንተግራል (የዴሪቬቲቭ ተቃራኒ) ላይ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚደመረውን ቋሚ ቁጥር፣ «ፕላስ ሲ»ን ይተዋሉ። ለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ግዙለት። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ከፈተና በፊት ባለው ማታ እሷን ብቻ ያንብብ።

የክፍሉን ግሬድና የሜይን ፈተና ማምታታት

ኤፒ ሁለት ውጤት አለው። አንዱ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ግሬድ ነው። ሌላው ሜይ ላይ የሚሰጠው የኮሌጅ ቦርድ (ኤፒን የሚያዘጋጀው ድርጅት) ፈተና ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይታረማል። የዚህ ፈተና ውጤት የሚመጣው ጁላይ ላይ፣ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ነው። ብዙ ኮሌጆች በዚህ ፈተና ክሬዲት ይሰጣሉ፤ 3 ይበቃል የሚል አለ፣ 4 ወይም 5 የሚጠይቅም አለ። ክፍል ውስጥ ቢ ይዞ 5 የሚያመጣ ልጅ አለ። ኤ ይዞ 2 የሚያመጣም እንዲሁ።

ፈተናው 45 የምርጫ ጥያቄዎችና አሠራር ተጽፎ የሚመለስባቸው 6 ጥያቄዎች አሉት። ክብደታቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ስድስቱ እያንዳንዳቸው 9 ነጥብ ይይዛሉ፣ ነጥቡም የሚሰጠው በየደረጃው ነው። የመጨረሻው መልስ ቢሳሳት እንኳ ትክክለኛ አሠራር ነጥብ ያገኛል። ይህን ባለማወቅ ልጆች የጀመሩትን ሠርዘው ባዶ ሲያስረክቡ አያለሁ፣ ያንገበግበኛል። ምርጫው ላይም ለተሳሳተ መልስ ነጥብ መቀነስ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርቷል። ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። አሠራር የሚጻፍባቸው የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎች ከነአስተራረማቸው የኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ካልኩሌተርም ልብ በሉ። ከ45ቱ ምርጫ 30ው፣ ከስድስቱ ጥያቄዎች አራቱ ያለ ካልኩሌተር ነው የሚሠሩት። ቤት ውስጥ ሁሉን በካልኩሌተር የሚሠራ ልጅ እዚያ ይቸገራል።

መምህሩን ማፈር

ልጆቻችንን ጨዋ አድርገን አሳድገናል። ጨዋነቱ ክፍል ውስጥ ዝምታ ሆኖ ይወጣል። «ማስቸገር አልፈልግም» ይሉኛል። እዚህ አገር ግን መምህሩ በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ የሚቀመጠው ሊጠየቅ ነው። ልጁ «አልገባኝም» ብሎ ብቻ አይሂድ። «ይሄን ጥያቄ እስከዚህ ሠራሁት፣ ከዚህ በኋላ ጠፋኝ» ይበል። ስህተትን አርሞ በማምጣት ነጥብ ማስመለስ ወይም ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይቻል እንደሆነም ራሱ ይጠይቅ። ኢሜይሉን እናንተ አትጻፉለት።

«የእገሌ ልጅ ኤ አላት»

ይህን አትበሉ። ልጁ በዚህ ተበረታቶ ሲያጠና አላየሁም፣ ፈተናውን ሲደብቅ ግን አይቻለሁ።

ቶሎ ማስወጣት፣ ወይም ዘግይቶ ማስወጣት

አንዱ ወላጅ በመጀመሪያው ሲ «ከክፍሉ ውጣ» ይላል። ሌላው ልጁ እንቅልፍ አጥቶ እያየ «ታገል» ይላል። ከመወሰናችሁ በፊት ጥቂት ነገር እወቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለኤፒ ክፍል ተጨማሪ ክብደት ይሰጣሉ፤ እዚያ ያለ ቢ ጂፒኤ (የግሬዶች አማካይ) ላይ ብዙ ጊዜ እንደ 4፣ ማለትም እንደ ሌላው ክፍል ኤ ይቆጠራል። ኤፒ ካልኩለስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤቢና ከሱ ሰፋ ያለው ቢሲ። ቢሲ የከበደው ልጅ ካልኩለስን ጨርሶ ከመተው ወደ ኤቢ መውረድ ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ክፍል መቀየሪያው ቀን ካለፈ በኋላ መውጣት ትራንስክሪፕት (ኮሌጆች የሚያዩት የውጤት መዝገብ) ላይ ደብሊው፣ ማለትም «አቋርጧል» የሚል ምልክት ሊያስጽፍ ይችላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ደግሞ ኮሌጆች የግማሽ ዓመቱንና የመጨረሻውን ግሬድ ያያሉ። ከተቀበሉት በኋላም ውጤቱ ክፉኛ ከወረደ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ።

ስለዚህ የክፍል መቀየሪያውን ቀን ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ጠይቁና ከዚያ በፊት ልጁ፣ መምህሩና እናንተ አንድ ላይ ተቀመጡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በሕዝብ ትምህርት ቤት መብታችሁ ነው፣ ክፍያም የለውም። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ ግሬድ የሚወራውን እሱ ሊተረጉም አይገባም።